የጋራ ቋንቋ ሳይኖራቸው የተጨዋወቱ ወጣቶች

የዛሬውን ጨዋታ በአንድ ደብዳቤ ጸሐፊ እንጀምረው። ስሙ ሊ ሁዋ ነው። ቻይና ውስጥ እንግሊዝኛ የተማሩ ብዙዎች ያውቁታል፤ በዓይኑ ያየው ግን የለም። ሊ ሁዋ የሚኖረው በፈተና ወረቀት ላይ ብቻ ነውና። የእንግሊዝኛው ፈተና የጽሑፍ ክፍል ላይ ሲደረስ «ሊ ሁዋ ነህ እንበል» ይልና ተማሪው ለባሕር ማዶ ጓደኛው ደብዳቤ እንዲጽፍ ያዛል። ዩኒቨርሲቲ በሚያስገባው ትልቁ ፈተና፣ በጋኦካኦ ላይ ሳይቀር ይመጣል። ሊ ሁዋ ጓደኛውን ለበዓል ይጋብዛል፣ ስለ ትምህርት ቤቱ ያወራል፣ ምክር ይለግሳል። በዚህ ዓይነት ለብዙ ዓመታት በሊ ሁዋ ስም ስፍር ቁጥር የሌለው ደብዳቤ ተጻፈ። መምህራኑ አረሙት፣ ማርክ ሰጡበት። መልስ የጻፈለት ግን አልነበረም።

በ2017 ዓ.ም. ጥር ወር መልሱ መጣ። አሜሪካውያን ወጣቶች የሊ ሁዋን ታሪክ ከቻይናውያን ሰሙና ደብዳቤ ይጽፉለት ጀመር። ደብዳቤዎቹ ሳይደርሷቸው እንደቀሩ፣ ስለ መዘግየታቸው ይቅርታ እንደሚጠይቁ፣ አሁን ግን እንደመጡ ነገሩት። ቻይናውያኑ ይህን ሲያነቡ ልባቸው ተነካ፤ እንባችን መጣ ብለው የጻፉም ነበሩ። በልጅነታቸው ለማርክ ብለው የጻፉት ደብዳቤ፣ አድገው ሥራ ከያዙ በኋላ እውነተኛ አንባቢ አገኘ።

ነገሩ እንዴት እዚህ እንደደረሰ ላጫውታችሁ። ቲክቶክ በዚያን ጊዜ የቻይናው የባይትዳንስ ኩባንያ ንብረት እንደነበር ታውቃላችሁ። ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 24 ቀን 2024 የፈረሙት ሕግ ኩባንያው የአሜሪካውን ቲክቶክ እንዲሸጥ፣ ካልሸጠ ግን እንዲዘጋ የሚያስገድድ ነበር። የመጨረሻው ቀን ጃንዋሪ 19 ቀን 2025 ሆነ፤ በእኛ ጥር 11 ቀን 2017፣ ጥምቀትን ባከበርንበት ዕለት ማለት ነው። ቲክቶክ በዚያ ጊዜ በአሜሪካ 170 ሚሊዮን ያህል ተጠቃሚ እንዳለው ይናገር ነበር። ቀኑ ሲቃረብ ከእነዚህ ወጣቶች ብዙዎቹ ወዴት እንሂድ አሉ፤ አንድ ሌላ የቻይና መተግበሪያም አገኙ።

ይህ መተግበሪያ ሻኦሆንግሹ ይባላል፤ በውጭ የሚታወቀው ሬድኖት በሚለው ስሙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ሻንጋይ ላይ የተመሠረተ ሲሆን የቻይና ወጣቶች፣ በተለይም ወጣት ሴቶች፣ ስለ ጉዞ፣ ስለ ምግብ፣ ስለ ልብስና ስለ መዋቢያ የሚመካከሩበት ሰፈር ነው። ለውጭ ሰው ተብሎ የተሠራ አልነበረም። ጥር 5 ቀን በአሜሪካ የአፕል መደብር ውስጥ ከሁሉም ነፃ መተግበሪያዎች በልጦ አንደኛ ወጣ። በሁለት ቀን ውስጥ ከ700 ሺህ በላይ አዲስ ሰው እንደገባበት የዜና ወኪሉ ሮይተርስ ዘገበ። እንግዶቹ ራሳቸውን የቲክቶክ ስደተኞች ብለው ጠሩ።

እስቲ አስቡት። ቤቱ በሙሉ በቻይንኛ ተጽፏል። እንግዳው አንድም ፊደል አይለይም። ከአስተናጋጆቹም ብዙዎቹ እንግሊዝኛን የሚያውቁት በሊ ሁዋ ደብዳቤ ልክ ነው። እንዲያም ሆኖ ጨዋታው ደራ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወጣቶቹ ጽሑፉን እየገለበጡ ወደ ጎግል ትራንስሌት ወይም ወደ ቻት ጂፒቲ ይወስዱት፣ የስክሪኑን ፎቶ እያነሱ ያስተረጉሙት ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ኩባንያው ራሱ የትርጉም ቁልፍ ሠርቶ ከየአስተያየቱ ሥር አስቀመጠ። በአንድ ንክኪ ቻይንኛው እንግሊዝኛ፣ እንግሊዝኛውም ቻይንኛ ይሆናል። ቋንቋ መማሪያው ዱኦሊንጎም በአሜሪካ ማንዳሪን ቻይንኛ የሚጀምሩ አዲስ ተማሪዎች ከዓመቱ በፊት ከነበረው በ216 በመቶ እንደጨመሩ አስታወቀ። ይህን ቁጥር እወደዋለሁ። ብዙዎቻችን ማሽን ሲተረጉምልን ቋንቋ መማር ይቀራል ብለን እንሰጋለን። እዚያ የሆነው ተቃራኒው ነው፤ በማሽን ተጨዋውተው ሰውየውን የወደዱ ሰዎች ቋንቋውን ሊማሩ ተነሡ።

ምን ተጫወቱ? የመጀመሪያው ነገር ድመት ነበር። እንግዳ ሲገባ «የድመት ግብር» ክፈል ይባላል፤ የድመቱን ፎቶ ይለጥፋል። ቀጥሎ የቤት ሥራ መጣ። ቻይናውያን ተማሪዎች የእንግሊዝኛ የቤት ሥራቸውን ፎቶ አንሥተው ለጠፉት፤ አሜሪካውያኑም ተረባርበው ሠሩላቸው። ከዚያ ኑሮ ተነሣ። የአስቤዛ ዋጋ ስንት ነው? የቤት ኪራይስ? እናንተ አገር አምቡላንስ የጠራ ሰው ብዙ ገንዘብ ይከፍላል የሚባለው እውነት ነው? ሁለት ሥራ የሚሠራ ሰው አለ የሚባለውስ? ከወዲያኛው ወገን ደግሞ በቻይና ስንት ሰዓት ትሠራላችሁ፣ ትምህርት ቤት ስንት ሰዓት ትገባላችሁ የሚል ጥያቄ ይመጣል። ሁለቱም ስለ ሌላው ሲሰሙ ያደጉትን ነገር ከባለቤቱ አፍ አጣሩ።

አሁን ወደ ማሽኑ እንምጣ። ጎግል ትራንስሌት ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። በዚያ ዘመን እንደ ተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ካሉ ተቋማት ሰነዶች የተለቀመ፣ ጎን ለጎን የተተረጎመ ጽሑፍ ይዞ፣ ይህ ሐረግ ብዙ ጊዜ በዚያ ሐረግ ይተረጎማል እያለ በስሌት ይገጣጥም ነበር። ዓረፍተ ነገሩን ቆራርጦ ስለሚያየው ውጤቱ ተሰባብሮ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 ጎግል ሙሉውን ዓረፍተ ነገር በአንድነት ወደሚያይ አሠራር ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ የጎግል ተመራማሪዎች ትራንስፎርመር የተባለውን አሠራር ይዘው ወጡ። ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የምንላቸው ቻት ጂፒቲና መሰሎቹ የቆሙት በዚህ ላይ ነው። ከቃሉ ፊትና ኋላ ያለውን ሁሉ አይተው፣ ወሬው ስለ ምን እንደሆነ ገምተው ይተረጉማሉ። የወጣት ቋንቋ ደግሞ ይህን ይፈልጋል፤ ቃል ይታጠራል፣ ቀልድ ይገባበታል፣ ያልተጻፈው ከተጻፈው ይበዛል። የሬድኖት ተጠቃሚዎች በአዲሱ የትርጉም ቁልፍ ላይ በነጥብና በሰረዝ በሚጻፈው በሞርስ ኮድ ጽፈው ቢሞክሩት ተረጎመላቸው፤ ከጀርባው የቆመው የቀድሞው ዓይነት ማሽን እንዳልሆነም ከዚህ ገባቸው።

ነገር ግን ውድ አንባቢዎቼ፣ ለዚያ ጨዋታ ምስጋናውን በሙሉ ለማሽኑ መስጠት ልክ አይመስለኝም። በቻይንኛና በእንግሊዝኛ መካከል የሚተረጉም ማሽን ከዚያ በፊትም ለዓመታት ነበረ። የቻይናና የአሜሪካ ወጣት ግን እምብዛም አይገናኝም ነበር። ፌስቡክ፣ ኢንስታግራም፣ ዩቲዩብና ኤክስ በቻይና ዝግ ናቸው። ቲክቶክ ራሱ ቻይና ውስጥ አይሠራም፤ ቻይናውያኑ የሚጠቀሙት የዚያው ኩባንያ ሌላ ልጅ የሆነውን ዶዪንን ነው። መሣሪያው ነበረ፣ የሚገናኙበት ደጅ ግን አልነበረም። ደጁ ሲከፈት ደግሞ ወጣቶቹ የያዙት ሥርዓት ጨዋታውን አቆመው። እንግዳ ደጅ ላይ ቆሞ «ቤቶች!» እንደሚል፣ ከአሜሪካኖቹ ብዙዎቹ መጀመሪያ በተተረጎመ ቻይንኛ ሰላም ብለው፣ ሳይጠሩ ስለ መምጣታቸው ይቅርታ ጠይቀው፣ ጽሑፋቸውን በሁለቱም ቋንቋ አድርገው ገቡ። ባለቤቶቹም በእንግሊዝኛ «እንኳን ደህና መጣችሁ» እያሉ የአጠቃቀም መመሪያ ጻፉላቸው። ያልገባው ይጠይቃል፤ የተጠየቀው በትዕግሥት ያስረዳል። ማሽን ሲሳሳት ሰው የሚያርመው በዚህ ትዕግሥት ነው። ትርጉሙ ሸካራ ቢሆንም ቅን ልብ ያለው አድማጭ ፍሬውን ያገኛል፤ ለመጣላት ለተዘጋጀ ሰው ግን የጠራ ትርጉምም ቢመጣለት ሰበብ አያጣም።

ጨዋታው ወሰንም ነበረው። ሻኦሆንግሹ በቻይና ሕግ ሥር የሚሠራ ነውና ፖለቲካ ነክ ነገር እንዳሻ አይወራበትም፤ የጻፉት የተነሣባቸው እንግዶችም አሉ። ማሽን ቃልን ያሻግራል፤ መንግሥት የቆለፈውን ርዕስ ግን አይከፍትም። ቲክቶክም ለሰዓታት ጠፍቶ በጥምቀት ዕለት ተመለሰ፤ በማግስቱ አዲሱ ፕሬዚዳንት ትራምፕ የ75 ቀን ጊዜ ሰጡት፤ ከስደተኞቹም ብዙው ወደ ቀድሞ ቤቱ ገባ። ቢሆንም እነዚያ ቀናት አንድ ነገር በማያሻማ ሁኔታ አሳይተውናል። የጋራ ቋንቋ የሌላቸው ወጣቶች ስለ ኪራይ፣ ስለ ድመትና ስለ ፈተና ሲያወሩ ውለው ማደር ይችላሉ። ከእነሱ በፊት የነበረ ትውልድ ይህን ዕድል አላገኘም።

እኛስ? ይህ ነገር ወደ እኛም ቤት ገብቷል፤ የእኛ ጉዳይ ደግሞ ከድመት ፎቶ ጠለቅ ያለ ነው። አሜሪካና አውሮፓ ተወልደው ያደጉ ልጆቻችን አያታቸው የላከችላቸውን የአማርኛ መልእክት በስልክ ያስተረጉማሉ። በእስራኤል ዕብራይስጥ እየተናገረ ያደገ ወጣት አማርኛ ወይም ትግርኛ ብቻ ከሚናገሩ አያቱ ጋር በአንድ ማዕድ ይቀመጣል። ወደ ዐረብ አገር ለሥራ የሄደች እህታችን የአሠሪዋን ዐረብኛ እስክትለምድ ድረስ ስልኳ አፍና ጆሮዋ ይሆናል። ለእነዚህ ሰዎች ትርጉም ትዝታን የመቀበል፣ አንዳንዴም መብትን የማስከበር ጉዳይ ነው።

ጎግል ትራንስሌት አማርኛን የጨመረው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ሶማሊኛ እ.ኤ.አ. በ2013 ቀድሞ ገብቶ ነበር፤ ኦሮምኛና ትግርኛ እ.ኤ.አ. በ2022 ተጨመሩ። በዚያው ዓመት የፌስቡክ ባለቤት ሜታ 200 ቋንቋ የሚተረጉም ማሽን ሲያወጣ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛና ሶማሊኛ ነበሩበት። መኖራቸው ደግ ነው። ጥራታቸው ግን ከቻይንኛና ከእንግሊዝኛ ጋር አይተካከልም፤ የተጠቀመባቸው ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ምሳሌ ብቻ ላንሣ። እንግሊዝኛ ወንዱንም ሴቷንም፣ ትንሹንም ትልቁንም በአንድ ቃል «ዩ» ይላል። እኛ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ እያልን እንለያለን። ማሽኑ ማን ለማን እንደሚናገር ካልተነገረው ብዙ ጊዜ ወደ ወንዱ ያደላል። የልጅ ልጅ ለሴት አያቷ በፍቅር የጻፈችው ሰላምታ ለእኩያ ወንድ የተጻፈ ሆኖ ይደርሳል። መፍትሔው ቀላል ነው። አዳዲሶቹ መሣሪያዎች ማብራሪያ ይቀበላሉና «የምጽፈው ለሴት አያቴ ነው፣ በአክብሮት አድርገው» ብሎ አስቀድሞ መንገር ነው።

ድክመቱ ከየት መጣ? ማሽን ቋንቋን የሚማረው ከተጻፈ ነገር ነው። እንግሊዝኛና ቻይንኛ በኢንተርኔት ላይ ማለቂያ የሌለው ጽሑፍ አላቸው። የእኛ ፊደል በዓለም አቀፉ የኮምፒውተር ፊደላት መዝገብ፣ በዩኒኮድ፣ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የጻፍነው፣ ከዚያም በኋላ የጻፍነው አብዛኛው፣ በወረቀት ላይ ነው። አዲስ ዘመን ጋዜጣ ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ ሲታተም ኖሯል፤ ልብ ወለዱ፣ ታሪኩ፣ ተረቱ በየመደርደሪያው ነው፤ ወረቀት ላይ ያለውን ደግሞ ማሽን በቀላሉ አያነበውም። ከሌላ ቋንቋ ጋር ጎን ለጎን የተተረጎመ አማርኛ ሲፈለግ በብዛት የሚገኘው መጽሐፍ ቅዱስና ሌላ የሃይማኖት ጽሑፍ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የሚታተመው ነጋሪት ጋዜጣ፣ ዜናም ነው። ከነዚህ የተማረ ማሽን የሕግ አንቀጽ ይሞክር ይሆናል፤ የሰፈር ጨዋታ ሲመጣ ግን ይቸገራል።

ይህን ክፍተት ለመሙላት የተነሡ የራሳችን ልጆች አሉ። አስመላሽ ተካ ሀድጉና ባልደረቦቹ የመሠረቱት ልሳን የተባለ ድርጅት በአማርኛ፣ በትግርኛና በእንግሊዝኛ መካከል የሚተረጉም መሣሪያ ሠርቷል፤ ለዚህም የታተመን የግዕዝ ፊደል ጽሑፍ ከወረቀት ላይ የሚያነብ ዘዴ አበጅተው ኢንተርኔት ላይ የሌለውን ጽሑፍ ጭምር ተጠቀሙ። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮም ማሳካኔ የተባለ የአፍሪካ ተመራማሪዎች ኅብረት ለአፍሪካ ቋንቋዎች ይሠራል፤ የስሙ ትርጉም በዙሉ ቋንቋ አብረን እንገንባ እንደማለት ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያኮራኝ ግን የአፋሮች ነገር ነው። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2024 በአንድ ጊዜ 110 አዳዲስ ቋንቋዎችን ሲጨምር አፋርኛ አንዱ ነበር። ጎግል ራሱ እንደገለጸው ከእነዚያ ሁሉ ቋንቋዎች መካከል ብዙውን የበጎ ፈቃድ አስተዋጽኦ ያገኘው አፋርኛ ነው። በኢትዮጵያ፣ በጅቡቲና በኤርትራ የሚነገር፣ ከአማርኛ በእጅጉ ያነሰ ተናጋሪ ያለው ቋንቋ፣ ልጆቹ ስለተጉለት ከ110 ቋንቋ ቀዳሚ ሆነ። የተናጋሪ ብዛት ብቻውን ቋንቋን ወደ ማሽን አያስገባም፤ የሚያስገባው ተቀምጦ የሚጽፍ፣ የሚያርም፣ የሚተረጉም ሰው ነው።

እንግዲህ ጨዋታውን ወደ ምክር ልመልሰው። መሣሪያውን ስትጠቀሙ ዓረፍተ ነገሩን አጭርና ሙሉ አድርጉት። የተተረጎመውን መልሳችሁ ወደ አማርኛ አስተርጉሙት፤ ሐሳባችሁ ተጣሞ ከተመለሰ ሳትልኩት አስተካክሉት። ሕክምና፣ ፍርድ ቤትና የሥራ ውል ሲሆን ግን ሰው አስተርጓሚ ፈልጉ፤ አንድ የተሳሳተ ቃል ጤናንም ደመወዝንም ሊያሳጣ ይችላል። የፓስፖርት ቁጥራችሁንና የግል ምስጢራችሁን ወደ መሣሪያው አታስገቡ፤ የጻፋችሁት ነገር ወደ ኩባንያው ኮምፒውተር ይሄዳል። ከማታውቁት ሰው በጠራ አማርኛ የሚመጣ የፍቅር መልእክት ሲበዛባችሁም ተጠንቀቁ፤ አጭበርባሪም ይህንኑ መሣሪያ ይዟል።

ለወላጆችም አንድ ቃል አለኝ። ልጅዎ አያቱን በስልክ እያስተረጎመ ሲያናግር ቢያዩ አይቆጡት። ከጎኑ ቁጭ ይበሉና ማሽኑ የሳተውን ያርሙለት። ልጁ ቋንቋውን የሚወደው መጀመሪያ ሰዎቹን ሲወድ ነው፤ ዱኦሊንጎ ላይ የታየውም ይኸው ነው።

የመጨረሻው ልመናዬ ለእናንተ ለወጣቶቹ ነው። በቴሌግራምና በቲክቶክ ስትጨዋወቱ አማርኛን በላቲን ፊደል መጻፍ ልማድ ሆኗል። በዚያ መልክ የተጻፈ አማርኛ እንደየጸሐፊው ስለሚለያይ ማሽን ለመማር ይቸገርበታል። ስልካችሁ ላይ የግዕዝ ፊደል መጻፊያ አውርዱ፤ ቀልዳችሁንም፣ ክርክራችሁንም፣ ስለ ኳስና ስለ ኑሮ የምታወሩትንም በፊደላችሁ ጻፉት። ማሽኑ ተሳስቶ ስታገኙት፣ መሣሪያው አስተያየት መስጫ ካለው ስሕተቱን ጠቁሙበት። ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛ የምትናገሩም በየቋንቋችሁ እንዲሁ አድርጉ። የነገው ማሽን የሚናገረው ዛሬ የምንጽፍለትን ቋንቋ ነው፤ ስለዚህ እንጻፍ፣ አሳምረንም እንጻፍ።